ድፍን ብዬ የጻፍኩት ደረት

የውስጥ ደዌ የመጨረሻ ፈተናዬ ቀን ከብስራተ ገብርኤል በጠዋት ታክሲ ተሳፍሬ ሆስፒታሉ በር ላይ ስወርድ ገና አንድ ሰዓት ተኩል አልሆነም። ፈተናው ሦስት ሰዓት ላይ ነበር፤ ቤት ቁጭ ብዬ መጠበቅ ግን አልቻልኩም። ቁርስም አልበላሁም፤ ብሞክር የሚወርድልኝ አልመሰለኝም።

ሆስፒታላችን ከመካኒሳ አቦ ወደ ላፍቶ በሚወስደው መንገድ በኩል ነው። እኔ እዚያ የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪ ነበርኩ፤ ኢንተርን የምንባለው፣ ቀኑን ሙሉ እየሠራን የምንማረው። በዚያ ሰሞን የራጅ ማሽኑ ተበላሽቶ ሳምንታት አልፈውት ነበር። ራጅ የታዘዘለትን ሰው ቤተሰቡ ደግፎ ታክሲ ውስጥ ያስገባውና ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ይወስደዋል፤ አቅም ከሌለው ሳይነሳ ይቀራል። ያስተማሩን ፕሮፌሰር ለዚህ ሁሉ አንድ መልስ ነበራቸው።

"ማሽን የለም ብላችሁ እንዳትመጡብኝ። ጣት አላችሁ፣ ጆሮ አላችሁ።"

ስድሳዎቹን የተሻገሩ ቀጭን ሰው ናቸው። ጮኸው አያውቁም፤ ድምፃቸው ዝቅ ባለ ቁጥር ግን እኛ እንፈራ ነበር። የበሽተኛን ደረት በጣት መትቶ ከድምፁ ውስጥ ያለውን ማወቅን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የግራ እጄን መሀል ጣት ደረቱ ላይ አስተኝቼ በቀኝ እጄ ጣት እመታዋለሁ። ጤነኛ ሳንባ ላላ ያለ ድምፅ ይሰጣል። ውሃ ካለበት ድምፁ ድፍን ነው፣ የቤት ግድግዳ እንደመምታት። አየር ከታጨቀበት ደግሞ ከበሮ ነው። ስድስት ወር ሙሉ ጠረጴዛም፣ በርሜልም፣ የእህቴንም ጀርባ ስመታ ከርሜያለሁ።

ያን ቀን ግን እምነቴን ጣቴ ላይ አልጣልኩም። ከጥቂት ወራት በፊት የሕፃናት ክፍል የቃል ፈተና ላይ ከፈታኙ ጋር ያልተስማማ ነገር ተናግሬ፣ "እኛ ያላየነውን አንቺ አየሽ?" ተብዬ በሰው ፊት አፍሬ ወድቄአለሁ። ድጋሚ ተፈትኜ ነው ያለፍኩት። ከዚያ ወዲህ ለራሴ የነገርኩት ነገር ቢኖር ፈታኙ የሚፈልገውን አግኝቶ መናገር ነበር። ሁለተኛ መውደቅ ማለት ከጓደኞቼ ጋር አለመመረቅ ነው።

የሚጠብቀኝ ፈተና ሎንግ ኬዝ ይባላል። ከአንድ በሽተኛ ጋር መጋረጃ ተጋርዶ አርባ አምስት ደቂቃ ብቻዬን እሆናለሁ። ታሪኩን እጠይቃለሁ፣ ሰውነቱን እመረምራለሁ፣ ያገኘሁትን እጽፋለሁ። ከዚያ ሁለት ፈታኞች አልጋው ድረስ መጥተው ያስነግሩኛል። ካርዱ አይታየኝም። በሽተኛውም በሽታውን እንዳይነግረን አስቀድሞ ይነገረዋል።

ሦስት ሰዓት ላይ አስተባባሪዋ ሲስተር መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ አስገባችኝ። አልጋው ላይ ሰባ ዓመት የሚጠጋቸው ሽማግሌ ሁለት ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። የላፍቶ ተወላጅ ናቸው፤ አርሰው የኖሩበት መሬት ላይ ፎቅ ቤቶች ከበቀሉ በኋላ የቀሯቸውን ላሞች ግቢያቸው ውስጥ አስረው ለሰፈሩ ወተት ይሸጣሉ። ይህን ሁሉ የነገሩኝ በየመሀሉ ትንፋሽ እየወሰዱ ነው።

"አባባ፣ ምን አመመዎት?"

"ትንፋሽ። ትንፋሽ እምቢ አለኝ።" ወደ መጋረጃው አየት አደረጉና በጣታቸው ጠሩኝ። ጎንበስ አልኩ። "ውሃ ነው" አሉኝ በሹክሹክታ። "በቀኝ በኩል ሳንባዬ ላይ ውሃ አለ። እንዳትነግራቸው ብለውኛል። አንቺ ግን እጅሽ ይንቀጠቀጣል። ውሃ ነው በያቸው።"

ሳልፈልግ ሳቅሁ። ደረቴ ላይ የነበረው ድንጋይ የወረደልኝ መሰለኝ።

"እሺ አባባ። ማንም አይሰማም።"

"እለፊ ብቻ፣ ኢንተላ ኮ" አሉኝ። በኦሮምኛ ልጄ ማለታቸው ነው።

ታሪካቸውን ተቀበልኩ። ሁለት ወር የቆየ ሳል፣ ላብ፣ የክብደት መቀነስ፣ ከዚያ የትንፋሽ ማጠር። ሳንባ ነቀርሳ ውሃ አስቋጥሯል ብዬ ገና ሳልነካቸው ጨረስኩት። ትንፋሻቸውን ቆጠርኩ፤ በጣም ፈጣን ነበር። ጻፍኩት።

ከዚያ ጀርባቸውን ወደ እኔ ሲያዞሩልኝ ጣቴን አሳረፍኩ። ግራው ጤነኛ ነው። ወደ ቀኝ ተሻገርኩና መታሁ። ከታች ጥቂት ጣት ያህል ድፍን ነው። ከዚያ በላይ ግን ባዶ ጀሪካን የመታሁ ያህል ጮኸ። የተሳሳትኩ መስሎኝ ደግሜ ግራውን መታሁ፣ ደግሜ ቀኙን። ያው ነው። ማዳመጫዬን አስጠጋሁ፤ በቀኝ በኩል የሚሰማ ትንፋሽ የለም። ውሃም ቢሆን ትንፋሽ አያሰማም ብዬ ራሴን አረጋጋሁ። ያኔ ነው ጀርባቸው ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ አዲስ ፕላስተር ያየሁት።

"ይሄ ምንድን ነው አባባ?"

"ዛሬ ጠዋት ቀድተውልኛል። በመርፌ። መጀመሪያ ቀለል ብሎኝ ነበር።" ትንፋሽ ወሰዱ። "ከዚያ ባሰብኝ።"

"መቼ ነው የባሰብዎት?"

"ልጄ ቁርስ ስታቀርብልኝ። መዋጥ አቃተኝ።"

ሁሉም ነገር እጄ ላይ ነበር። ውሃ ሲቀዳ መርፌው ሳንባውን ነክቶት ከሆነ አየር እያፈተለከ በሳንባና በደረት ግድግዳ መሀል ይጠራቀማል። የሚወጣበት ካጣ ሳንባውን ይጨፈልቃል፣ ከዚያ ልብን ይገፋል። ይህን በመጽሐፍ አንብቤዋለሁ፣ ለጓደኞቼም አስረድቻለሁ። እስክሪብቶዬን አንስቼ ግን እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ቀኝ ደረት፣ ከላይ እስከ ታች፣ ድፍን።

ለምን ብባል ብዙ ምክንያት መደርደር እችላለሁ። አባባ ውሃ ነው ብለውኛል። ፈታኞቹ የሚጠብቁት ውሃ ነው። ውሃውን ማን እንዳስቀዳው ደግሞ አውቃለሁ፤ በዚያ ክፍል ያለ ፕሮፌሰሩ ትእዛዝ መርፌ የሚያነሳ ሰው የለም። እሳቸው ደግሞ ከፈታኞቹ አንዱ ናቸው። ከበሮ ነው ብል እሳቸው ያዘዙት ተሳስቷል ማለቴ ነው።

ሆድ መረመርኩ፣ እግር መረመርኩ፣ ዓይናቸውን ገልጬ አየሁ። እጄ ሥራውን ይሥራ እንጂ ጆሮዬ ትንፋሻቸው ላይ ነበር። ቅድም ዓረፍተ ነገር ይጨርሱ ነበር፤ አሁን ቃል በቃል ሆኑ። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ አለ። የአንገታቸው ደም ሥር ተገትሯል። የደም ግፊታቸውን ለካሁ፤ ወርዷል። ምናልባት ድሮም እንዲህ ነው አልኩ። ጣቴን ጉሮሯቸው ሥር አስገብቼ የአየር ቧንቧውን ፈለግኩ፤ ወደ ግራ ተገፍቷል። ሰዓቴን አየሁ። አሥራ አንድ ደቂቃ ቀርቶኛል።

መጋረጃውን ገልጬ ብጣራ ሲስተር አምስት እርምጃ ላይ ነበረች። አልተጣራሁም። አሥራ አንዱን ደቂቃ የአባባን እጅ ይዤ፣ በሌላው እጄ ወረቀት እያስተካከልኩ ጨረስኩት። ከሕይወቴ ውስጥ ተመልሼ የማስተካክለው ጊዜ ይሰጥሽ ብባል እነዚያን ደቂቃዎች ነው የምጠይቀው።

መጋረጃው ተገለጠ። ፕሮፌሰሩ እግርጌ ቆሙ። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የተጋበዙት እንግዳ ፈታኝ፣ መነጽር ያደረጉ ጎልማሳ ሴት ሐኪም፣ ከጎናቸው ሆነው ወረቀታቸውን ዘረጉ።

"ጀምሪ" አሉኝ እንግዳዋ።

"የሰባ ዓመት አባት ናቸው። ከላፍቶ። ሁለት ወር በቆየ ሳል..." አልኩና ወደ አባባ ዞርኩ። ዓይናቸው እኔ ላይ ነበር። ከንፈራቸው ጠቁሯል። ሊያበረታቱኝ ራሳቸውን ሊነቀንቁ ሞከሩና አቃታቸው።

ወረቀቴን አልጋው ላይ አስቀመጥኩ።

"ቀጥይ እንጂ" አሉ እንግዳዋ።

"ይቅርታ፣ መቀጠል አልችልም። እየታፈኑ ነው።"

"ትንፋሽ እንደሚያጥራቸው እናውቃለን። ያገኘሽውን ተናገሪ።"

"ውሃ አይደለም። አየር ነው።" የራሴ ድምፅ ከሌላ ሰው አፍ የሚወጣ መሰለኝ። "ጠዋት ሲቀዳላቸው ሳንባው ተነክቷል። ቀኙ ከበሮ ነው። የአየር ቧንቧው ወደ ግራ ሄዷል፣ ግፊታቸው ወርዷል። ራጅ እስክንልክ አይቆዩም።"

ፕሮፌሰሩን ማየት ፈርቼ የአልጋውን ብረት አየሁ። እርምጃቸውን ሰማሁ፤ ዞረው ከአጠገቤ መጡ። ጣታቸውን አባባ ደረት ላይ አስተኝተው አንዴ መቱ። ከፍ አድርገው ደገሙ። ድምፁን መጋረጃው ውስጥ የነበርነው ሁሉ ሰማነው።

"ሲስተር!" ፕሮፌሰሩ ሲጮኹ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። "ትልቁን ካኑላ! ኦክሲጅን! ሬዚደንቱን ጥሪው!"

ሬዚደንት ማለት ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማር ሐኪም ነው፤ ጠዋት ውሃውን የቀዳው እሱ ነበር። እሱ ሳይደርስ ፕሮፌሰሩ የአባባን ሸሚዝ ቀደዱት። ከቀኝ የአንገት ሥር አጥንት በታች የጎድን አጥንቶቹን በጣታቸው ቆጥረው፣ አልኮል አፍስሰው የካኑላውን መርፌ ሰኩት። አየሩ እንደተነፈሰ ጎማ እያፏጨ ወጣ። ሁላችንም የያዝነውን ትንፋሽ አብረን ለቀቅን። አባባ አንዴ በረጅሙ ሳቡ፣ ከዚያ ደግመው ሳቡ። ከንፈራቸው ቀስ እያለ ቀላ።

ነገሩ ግን አላለቀም። መርፌው ጊዜ መግዣ ብቻ ነው፤ የደረት ቱቦ መግባት አለበት። ቱቦው የሚወርድበት ውሃ ያለበት ጠርሙስ ያስፈልጋል። አየሩ በቱቦው ወርዶ በውሃው ውስጥ እየተንተከተከ ይወጣል፣ ተመልሶ ግን አይገባም።

"ጠርሙስ የለም" አለች ሲስተር። "ሁለቱም ሌላ ሰው ላይ ናቸው።"

"ፈልጉ!" አሉ ፕሮፌሰሩ። እኔን ነው ያዩት።

ሮጬ ወጣሁ። ኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ አንዲት ሠላሳዎቹን የጀመረች ሴት ትልቅ የውሃ ፕላስቲክ ታቅፋ ተቀምጣለች። የአባባ ልጅ መሆኗን አላወቅኩም ነበር።

"ስጪኝ!" ብዬ ከእጇ ወሰድኩት። መልስ አልጠበቅኩም። "ምን ሆኗል?" እያለች ከኋላዬ ስትነሳ ሰማኋት፤ በሩ ላይ ጥበቃው አስቀራት።

ውሃውን ደፍቼ ፕላስቲኩን በአልኮል አለቀለቅኩና የጨው ውሃ ጨመርንበት። ክዳኑን በመቀስ ነደልኩት፤ አንድ ቀዳዳ ለቱቦው፣ አንድ ትንሽ ቀዳዳ ለአየሩ መውጫ። ሬዚደንቱ ፊቱ አመድ መስሎ ቱቦውን አስገባ፤ ፕሮፌሰሩ ከጎኑ ቆመው "ቀስ፣ ቀስ በል" ይሉታል። የቱቦውን ጫፍ ውሃው ውስጥ ስከተው ፕላስቲኩ መንተክተክ ጀመረ። በፕላስተር አሽጌ ከአልጋው በታች አሰርኩት። አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ትንፋሻቸው እየረጋ ሲሄድ ሲስተር ግፊቱን ለክታ "ከፍ ብሏል" አለች።

እንግዳዋ ፈታኝ ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። ፕሮፌሰሩ እጃቸውን ታጥበው ወደ እኔ መጡ።

"ወረቀትሽን አምጪ።"

መስጠት አልፈለግኩም። ሰጠሁ። ቆመው አነበቡት፤ ገጹን ገልብጠው ወደ ደረት ምርመራው ደረሱ።

"ድፍን ይላል።"

"አዎ።"

"አየር መሆኑን መቼ አወቅሽ?"

እናንተ ስትመጡ ብል የሚያጣራ ሰው አልነበረም። አባባ እንኳን አይናገሩብኝም።

"መጀመሪያ ስመታው ነው የጠረጠርኩት። ከሃያ አምስት ደቂቃ በፊት።"

እንግዳዋ መነጽራቸውን አወለቁ። "ለምን አልጠራሽም?"

"ፈተና ነበር" አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ሰማሁት።

ፕሮፌሰሩ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፣ "እኔም ከተቀዳላቸው በኋላ ተመልሼ አላየኋቸውም። ጣት አለኝ እያልኩ ነው የማስተምራችሁ" አሉ። ከዚያ፣ "ነይ። ልጃቸው ውጭ ናት። አብረን ነው የምንነግራት" አሉኝ።

ያ ለእኔ ከፈተናው የባሰ ነበር። ልጅቷ ቆማ እየተጠባበቀች ነው። እኔን ስታይ ፊቷ ተለወጠ።

"ውሃዬን ነጥቃኝ የሮጠችው ናት። አባቴ ሞቷል?"

"አልሞቱም። ተርፈዋል" አሉ ፕሮፌሰሩ። "ቁጭ በይና ልንገርሽ።"

"ቆሜ እሰማለሁ።"

ነገሯት። ምንም አላድበሰበሱም። ጠዋት ውሃው ሲቀዳ መርፌው ሳንባውን እንደነካ፣ አየር እንደተጠራቀመ፣ ይህ ሊያጋጥም እንደሚችልና ሰው ተመልሶ ሊያያቸው ይገባ እንደነበር፣ ያን አለማድረጋቸው የራሳቸው ጥፋት እንደሆነ። ልጅቷ አላቋረጠቻቸውም። ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞረች።

"አንቺስ? ከእሱ ጋር ማን ነበር? እኔን አስወጥተው መጋረጃ ዘጉ። እዚያ ውስጥ ምን ነበር የምትሠሩት?"

"ፈተና ላይ ነበርን። ፈታኞቹ እስኪመጡ አብሬያቸው የነበርኩት እኔ ነኝ።"

"አባቴ እየታፈነ፣ አንቺ ፈተና ላይ ነበርሽ?"

"አዎ" አልኩ። "ቀድሜ መጣራት ነበረብኝ። አልተጣራሁም። ይቅርታ አድርጊልኝ።"

አየችኝ። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር፤ ብትሰድበኝ በቀለለኝ። "ልየው" አለች ለፕሮፌሰሩ፣ አልፋኝም ገባች። እኔ ደረጃው ሥር ሄጄ አለቀስኩ። ሬዚደንቱ እዚያ ቆሞ አገኘሁት፤ እሱም ለዚያው ነበር የመጣው።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሐኪሞች ሁሉ በሚሰበሰቡበት ስብሰባ ላይ፣ ፕሮፌሰሩ ቆመው የሆነውን ከራሳቸው ጀምረው ተናገሩ። ሬዚደንቱን አልወቀሱትም። የእኔን ወረቀት አነበቡ እንጂ የማን እንደሆነ አልተናገሩም፤ ግን ማን ሳያውቅ ይቀራል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደረቱ የተቀዳለት ሰው አንድ ሰዓት ሳይሞላ በቀዳው ሐኪም ተመልሶ እንዲታይ ተወሰነ፤ ራጅ ቢኖርም ባይኖርም። የእኔ ፈተና እንዳልተጠናቀቀ ተቆጥሮ በሳምንቱ በሌላ በሽተኛ ተደገመ። ልቧ የታመመ ወጣት ሴት ነበረች። የሰማሁትን ብቻ ተናገርኩ፤ ያልሰማሁትን አንዱን ድምፅ ደግሞ አልሰማሁም አልኩ። አለፍኩ። ውጤቴ መካከለኛ ነበር።

አባባ አሥር ቀን ያህል ተኝተው ቱቦው ወጣላቸው፤ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ጀመሩ። በየቀኑ እሄድ ነበር። እሳቸው ያው ናቸው፤ "አለፍሽ ወይ?" ብለው የጠየቁኝ ከጎናቸው ቱቦ ተንጠልጥሎ ነው። የተሳሳተ መልስ የሰጡኝ እሳቸው ስለሆኑ ጥፋቱ የእሳቸው መስሏቸው ነበር፤ እንዳልሆነ ለማሳመን ብዙ ደከምኩ። ልጃቸው ግን እኔ ስገባ ተነስታ ትወጣለች። አንድም ቀን ሰላም አላለችኝም። መብቷ ነው ብዬ ተውኩት።

ከሁለት ወር በኋላ ተመላላሽ ክፍል ተመድቤ ስሠራ በሩ ተከፈተና አባባ ገቡ። ሥጋ ለብሰዋል። ልጅቷ ከኋላቸው አለች። ሌላ ሐኪም አይቷቸው እንደጨረሰ ካርዱ ላይ ተጽፏል።

"ታይተዋል እኮ" አልኳት።

"አውቃለሁ። አንቺም እይልኝ" አለች። በሩ አጠገብ ቆማ ቀረች።

ሸሚዛቸውን አስወልቄ ጀርባቸውን አዞርኩ። ከላይ ጀምሬ ግራና ቀኙን እያፈራረቅኩ መታሁ። የልጅቷ ዓይን ጣቶቼ ላይ እንደሆነ ይታወቀኛል። ላላ ያለ ድምፅ ነበር፣ እስከ ታች ድረስ፤ መጨረሻው ላይ ብቻ ትንሽ ድፍን አለ።

"እንዴት ነው?" አለች።

"ደህና ነው። ከታች በኩል ጥቂት ውሃ ቀርቷል፤ መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ከወሰዱ ይደርቃል ብዬ አስባለሁ።"

"ጥቂት ስትይ? የት ጋ?"

መጥታ ከጎኔ ቆመች። እጇን ይዤ የአባቷ ጀርባ ላይ፣ የታችኛው ጎድን አጥንት አካባቢ አሳረፍኩትና ከየት እስከ የት እንደሆነ አሳየኋት። እጇን ቶሎ አላነሳችም።

"በሚመጣው ወር እዚህ ነሽ?" አለችኝ።

"አለሁ።"

"እሺ" አለች፤ አባቷን ሸሚዛቸውን አልብሳ፣ ክንዳቸውን ይዛ ወጣች።